በእንግሊዝ አገር ኰረብቶች ላይ ስለሚሮጥባቸው መንገዶች

የእንግሊዝ አገር ተራሮች ቁመታቸው አነስተኛ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ስኮፌል ፓይክ ከባሕር ወለል በላይ 978 ሜትር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ አንባቢ «እንዲህ ባለው ዝቅተኛ አገር የሚሮጥ ሰው ምን ዳገት ያገኛል? ምንስ የሚታይ ነገር አለው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስነቅፈው አይደለም። ሆኖም በዚያ አገር ቅዳሜና እሑድ በደረሰ ቍጥር፣ ዝናቡም ጭጋጉም ሳያግደው፣ ቀላል ጫማ ተጫምቶ ወደ ኰረብታ የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው። መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ባለሱቁ፣ እረኛው፣ ጡረታ የወጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በዚሁ ይገኙበታል።

ለዚህ ምክንያቱ የመልክዐ ምድሩ ውበት ብቻ አይደለም። ውብ ኰረብታ በብዙ አገር አለ፤ ዳሩ ግን ባለቤት ያለው መሬት ከሆነ መንገደኛ እንደ ልቡ አይገባበትም። በእንግሊዝ አገር የሚያስደንቀው፣ መሬቱ የግል ሆኖ ሳለ መንገዱ የሕዝብ መሆኑ ነው። በዛሬው ንግግሬ ስለ ኰረብቶቹ ከመናገሬ በፊት ይህን ነገር አስቀድሜ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ይህ ካልታወቀ ሩጫው ራሱ አይገባምና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ያስታውስ።

በጥንት ዘመን የአንድ መንደር ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ወፍጮ ቤት ወይም ወደ ሥራው ሲሄድ እየረገጠ ያቀናው መንገድ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሕዝብ መተላለፊያ ሆኖ ጸና። መሬቱ ቢሸጥ ቢለወጥ፣ አጥር ቢታጠርበት፣ እህል ቢዘራበትም መተላለፊያው አይሻርም። በስንዴ ማሳ መካከል የሚያልፍ መንገድ ቢኖር ገበሬው ያርሰው እንደ ሆነ እንጂ አያጠፋውም፤ ካረሰውም በኋላ መልሶ እንዲረገጥ አድርጎ የማስተካከል ግዴታ አለበት። በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያሉት መንገዶች ቢደመሩ ርዝመታቸው 225,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ምልክታቸው በአጥር ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ቀስት ናት፤ ቢጫዋ ለእግረኛ ብቻ፣ ሰማያዊዋ ለፈረሰኛና ለብስክሌተኛም ጭምር። መንገዱ ከአጥር ወይም ያለ ጭቃ ከተደረደረ የድንጋይ ካብ ሲደርስ፣ ሰው ተሻግሮ ከብት እንዳይሻገር የእንጨት ወይም የድንጋይ መወጣጫ ይሠራለታል። ሯጩም መወጣጫውን እየወጣ እየወረደ፣ ከአንዱ ገበሬ ማሳ ወደ ሌላው እያለፈ፣ ማንንም «አሳልፈኝ» ብሎ ሳይለምን ቀኑን ሙሉ ሊሮጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ መብት የሚሠራው በቀጭኗ መንገድ ላይ ብቻ ነበር። በሰሜን ያሉት ሰፋፊ ባዶ ኰረብቶች የመሳፍንትና የባለጸጎች የአደን ስፍራ ስለ ነበሩ፣ ከመንገዱ ወጥቶ የተገኘ ሰው በጠባቂዎች ይባረር ነበር። ማንችስተርና ሼፊልድ በሚባሉት የፋብሪካ ከተሞች መካከል ኪንደር ስካውት የሚባል፣ 636 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ዐናቱ ሰፊና ረግረጋማ የሆነ ተራራ አለ። ሳምንቱን ሙሉ በፋብሪካ ጢስ ውስጥ የሚውለው ሠራተኛ፣ ከከተማው በጥቂት የባቡር ጉዞ የሚደረስበትን ይህን ተራራ በእረፍት ቀኑ እንዲወጣ አይፈቀድለትም ነበር። ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ቤኒ ሮትማን በተባለ የ20 ዓመት ወጣት መሪነት በመቶ የሚቈጠሩ ወጣቶች ተሰብስበው፣ በግልጽ፣ በቀን ብርሃን ወደ ተራራው ወጡ። ከጠባቂዎች ጋር ግብግብ ተነሣ፤ ሲመለሱም ፖሊስ ጠብቆ ያዛቸው። የሰው መሬት መርገጥ ብቻውን በወንጀል የሚያስቀጣ ስላልነበረ ሁከት በማንሣት ተከሰሱ፤ አምስቱም ከሁለት እስከ ስድስት ወር በሚደርስ እስራት ተቀጡ።

ፍርዱ ከባድ መሆኑ ነገሩን አላበረደውም፤ አባሰው እንጂ። ተራራ በመውጣት የተነሣ ወጣት መታሰሩ ቀድሞ ግድ ያልነበረውን ሰው ሁሉ አስቈጣ። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ፤ በ1951ም ኪንደር ስካውት የሚገኝበት የፒክ ዲስትሪክት ግዛት የአገሩ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ተራራውን፣ ያልታረሰውን ሜዳና የወል መሬቱን በእግር ለሚሄድ ሁሉ ከፈተለት። ሰባ ዓመት ከሞላው በኋላ በ2002 የዴቮንሺር መስፍን አያታቸው ባለመሬት ሆነው ሳሉ በወጣቶቹ ላይ ስለ ደረሰው በደል በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ይቅርታ ዘግይቶም ቢሆን መሰማቱ የሚያስመሰግን ይመስለኛል።

ያው 1932 ሌላም ነገር የተደረገበት ዓመት ነው። ወጣቶቹ ከታሰሩ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በስተ ሰሜን ሐይቆች በሞሉበት ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው አገር፣ በኬዚክ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ቤት የነበረው ቦብ ግሬሃም የተባለ ሰው፣ ከከተማው አሮጌ የሸንጎ ቤት ተነሥቶ 42 ተራሮችን በአንድ ቀንና ሌሊት ዞሮ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። የፈጀበት ጊዜ 23 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው። በእግሩ የነበረው ተራ የቴኒስ ጫማ፣ በላዩም የሌሊት ልብስ ኮት እንደ ነበረ ይነገራል። የዞረው መንገድ 106 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የወጣው ዳገት ሁሉ ቢደመር 8,200 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይኸውም ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ ኤቨረስት ጫፍ ለመድረስ ጥቂት መቶ ሜትር የቀረው ነው። በመጀመሪያ «ምን ዳገት ያገኛል?» ላልነው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። ተራራው ትንሽ ነው፤ ግን ወርደው ሳያርፉ ሌላው ይጠብቃል።

ይህን ዙር በ24 ሰዓት ውስጥ የደገመ ሰው እስከ 1960 ድረስ አልተገኘም። ዛሬ በየዓመቱ ብዙዎች ይሞክሩታል። ሽልማትም ገንዘብም የለበትም፤ በየተራራው ጫፍ ምስክር የሚሆን ጓደኛ አብሮ መገኘት አለበትና ወዳጆች እየተፈራረቁ ስንቅ ተሸክመው አብረው ይሮጣሉ። ከዚሁ አገር ሯጮች ሁሉ ስሙ የገነነው በ2024 የሞተው ጆስ ኔይለር የዋዝዴል በግ አርቢ ነበር፤ በ1975 በአንድ ቀንና ሌሊት 72 ተራሮችን አዳርሷል። ከበግ ኋላ መሮጥ ያስተማረውን እግር በስታዲየም የሠለጠነ ሰው በቀላሉ አይደርስበትም።

የዚህ ሩጫ አካሄድ ከሜዳው የተለየ ነው። ዳገቱ ሲበረታ ጎበዝ የሚባለውም ሯጭ አይሮጥም፤ ጐንበስ ብሎ እጆቹን በጉልበቶቹ ላይ እየጫነ ፈጥኖ ይራመዳል። የሚያስፈራው ቍልቍለቱ ነው። እርምጃን አሳጥሮ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ ሳያጋድሉ፣ ዐይንን ከፊት ባለው መሬት ላይ አድርጎ መውረድ ይገባል፤ ወደ ኋላ የተደገፈ ሰው በእርጥብ ሣር ላይ ተንሸራቶ ይወድቃል። በአንዳንዱ ውድድር መንገዱ ምልክት ስለሌለው፣ የትኛው ሸንተረር እንደሚያሳጥር ማወቅ የሯጩ ፈንታ ነው።

ጭጋግ ደግሞ ሳይታሰብ ይወርዳል። ፀሐይ ከነበረበት ጫፍ ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዐሥር እርምጃ ርቆ ያለው ነገር የማይታይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ካርታና ኮምፓስ፣ ዝናብ የማያሳልፍ ልብስ፣ ጥቂት ምግብና ፊሽካ ሳይዙ ወደ ከፍተኛው ተራራ መውጣት ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። አደጋ የደረሰበት ሰው ስድስት ጊዜ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ይቈያል፤ እንደገናም ይነፋል። ይህን ሰምተው በሌሊት የሚወጡት የተራራ ረድኤት ሰዎች ደመወዝ የማይቀበሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከኪንደር ስካውት ግርጌ፣ ኢዴል ከምትባለው መንደር የሚነሣውና እስከ ስኮትላንድ ጠረፍ የሚደርሰው የፔናይን መንገድ 431 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የተከፈተውም በ1965 ነው። በ2019 በጃንዋሪ ብርድ በዚህ መንገድ ላይ በተደረገው ውድድር ጃዝሚን ፓሪስ የተባለች የእንስሳት ሐኪም በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ ገባች። የምታጠባ ሕፃን ስለ ነበረቻት በየማረፊያው ጡቷን እያለበች ነበር የሮጠችው።

ይህ ሁሉ ለጀማሪ አይደለም። ለጀማሪ የሚሻለው በምዕራብ በኩል ያለው የሞልቨርን ሸንተረር ነው። ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍተኛው ጫፍ 425 ሜትር ነው፤ በጀርባው ላይ የሚሮጥ ሰው በስተ ምሥራቅ የሰቨርንን ወንዝ ሜዳ፣ በስተ ምዕራብ የዌልስን ተራሮች እያየ ይሄዳል። ዛፍ ስለማይጋርደው መንገድ የመጥፋት ሥጋት ትንሽ ነው። ይህንንም ሸንተረር የሚጠብቅ ሕግ በ1884 ወጥቶለታል።

ከዚያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የኮትስዎልድ ኰረብቶች አሉ፤ ቤቱ ሁሉ እንደ ማር ቢጫ በሆነ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው። መንገዱ ቺፒንግ ካምደን ከምትባል የጥንት የሱፍ ንግድ ከተማ ተነሥቶ እስከ ባዝ 164 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ወደ ደቡብ ባሕር የተጠጋው የሳውዝ ዳውንስ መንገድ ደግሞ ከዊንቸስተር እስከ ኢስትቦርን 160 ኪሎ ሜትር ነው፤ አፈሩ እንደ ጠመኔ ነጭ ስለሆነ በደረቅ ጊዜ ምቹ፣ ሲዘንብ ግን እንደ ሳሙና አሟላጭ ነው። በመጨረሻው ከባሕር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነጭ ገደል አለ፤ ጠርዙ እየተናደ ስለሚወድቅ ለማየት ብሎ መጠጋት አይገባም።

ሯጩ በሰው መሬት የሚያልፍ እንግዳ ስለሆነ ጥቂት ነገር ይጠበቅበታል። የተዘጋ በር ከፍቶ ያለፈ መልሶ ይዘጋል። በጸደይ፣ በጎች በሚወልዱበት ጊዜ፣ ውሻ ያለው ሰው በገመድ ይይዛል። ጥጃ ያላቸው ላሞች ባሉበት ማሳ ራቅ ብሎ መዞር ይሻላል፤ ላም በልጇ ስትመጣ የዋህ አይደለችም። በ2001 አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ በገባ ጊዜ መንገዶቹ በአገሩ ሁሉ ለብዙ ወራት ተዘግተው ነበር፤ ሯጮቹም ገበሬው ከብቱን ሲያቃጥል እያዩ ከኰረብታው ርቀው ቈዩ። የመንደሩ ባለማረፊያና ባለሱቅ ከእግረኛው የሚያገኘው ገቢ ምን ያህል እንደ ነበረ የታወቀውም ያን ጊዜ ነው።

መሄድ ለሚችል ሰው መኪና አያስፈልገውም። ወደ ሞልቨርን ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ባቡር አለ፤ ኢዴል በማንችስተርና በሼፊልድ መካከል ባለው ሐዲድ ላይ ናት፤ ከባቡሩ ወርዶ ጥቂት እንደ ተሄደ ዳገቱ ይጀምራል። ከሁሉ የሚመረጠው ወር ጁን ነው፤ በሰሜኑ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ከሥራ በኋላ የወጣ ሰውም ሳይጨልምበት ተራራውን ወጥቶ ለመውረድ ይበቃዋል።