ሄኖክን ያተረፈው ግእዝ

ልጆቻችን «ክርስትና ከየት መጣ?» ሲሉን ብዙዎቻችን ከቤተ ልሔም እንጀምራለን። ሥሩ ግን ከዚያ ይቀድማል። ሐዋርያት ራሳቸው አይሁድ ነበሩ፤ ስለ መላእክት፣ ስለ ትንሣኤ ሙታንና ስለ ፍርድ ቀን ሲያስተምሩ ከሰሚዎቻቸው ብዙው ነገሩን ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ለዚህ አንዱ ምስክር መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ጥንታዊ ክፍሎቹን አይሁድ በአራማይክ ቋንቋ የጻፉት ከክርስቶስ ልደት ከ200 ዓመት በላይ ቀደም ብለው ነው። ሌላው ክፍሉ በክብር ዙፋን ተቀምጦ ስለሚፈርድ «የሰው ልጅ» ይናገራል፤ ይኸው ነገር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አለ። ይሁዳም በመልእክቱ ሄኖክን በስም ይጠቅሰዋል። ሙስሊም ወገኖቻችን ነቢዩ ኢድሪስ የሚሏቸውም እኚሁ ሄኖክ ናቸው የሚሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው።

ይሁንና የአይሁድ መምህራንም፣ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናትም መጽሐፉን ተዉት። ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ የኛ ጸሐፍት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ከትውልድ ትውልድ ገለበጡት። ቤተ እስራኤል ጭምር የሚያነቡት ኩፋሌም በሙሉ የቆየው እንዲሁ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የሄኖክን ቅጂዎች ወደ አውሮፓ ያደረሰው በ1773 እ.ኤ.አ. ነበር። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል የአራማይኩ ቁርጥራጮች ሲወጡ፣ ሊቃውንቱ ያመሳከሩት ከኛው ግእዝ ጋር ነው።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ ልጆቻችን ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ይለምዳሉ፤ ደግ ነው። ማታ ማታ ግን ሀ ሁ እናስቆጥራቸው። ሄኖክም የተረፈው ፊደል የሚያስቆጥር ስላልታጣ ነው።