ቡሎኑ በእጅ ካልገባ በመፍቻ አታስገድዱት! ከክረምት በኋላ የሞተራችሁን የኋላ ሹካ ጥርስ እንዴት ታጸዳላችሁ?

ክረምቱ አለፈ፣ የቡና ለቀማው ደረሰ። ለመቱ፣ ለጎሬ፣ ለሁሩሙና ለያዮ ሞተረኞች ከዚህ በኋላ ያሉት ወራት እንጀራ የሚገኝባቸው ናቸው። ችግሩ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ሲጠጣ የከረመው ሞተር ነው። ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር እናውራ፤ ስለ ቡሎን ጥርስ።

ለምን ይሄን መረጥኩ? አምና የወንድሜ ሞተር የኋላ አሞርዛተር ተፈትቶ ነበር። መልሶ ሲገጠም የታችኛው ቡሎን በእጅ ሁለት ዙር ሄዶ ቆመ። የሚገጥመው ልጅ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ጎተተው። "ገባ!" አለ። እኛም አመስግነን ሄድን። በሦስተኛው ቀን ጎሬ መንገድ ላይ ኋላው መንቋቋት ጀመረ። ሲታይ ቡሎኑ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል፤ የቀዳዳው ጥርስ ደግሞ ተልጦ እንደ ቀጭን ሽቦ ቡሎኑ ላይ ተጠምጥሟል። ተመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ግን ወንድሜ አራት ቀን ያለ ሥራ ተቀመጠ። ሊያድነው ይችል የነበረው የአሥር ደቂቃ ጽዳት ነው።

🔧 የኋላ ሹካ የቱ ነው?

የኋላውን ጎማ ግራና ቀኝ የያዘው፣ ጉድጓድ ሲገኝ ከፍ ዝቅ የሚለው ብረት ነው። በሌላ ስሙ ስዊንግ አርም ይባላል። ከፊት በአንድ ረጅም ቡሎን ከሞተሩ አካል ጋር ይያያዛል፤ ከኋላ ጎማውን ይይዛል። አሞርዛተሩ፣ የካቴናው መሸፈኛና በአንዳንድ ሞተሮች የካቴናው ማጥበቂያም እሱ ላይ ይታሰራሉ። እዚህ ያለ ቡሎን ሲላላ ጎማው ከመስመር ይወጣል፤ ካቴናው ይዘላል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ሞተሩ እንዳዘዛችሁት አይሄድም።

🔧 ጥርሱን ምን ይበላዋል?

ብዙ ሰው "አረጀ" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያረጀ ሳይሆን የቆሸሸ ነው። የኢሉባቦር አካባቢ፣ በተለይ ጎሬ፣ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ውኃው ከቀይ አፈር ጋር ተደባልቆ በቡሎኑ ዙሪያ ይገባል። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ለዚህ ነው የዛገ ቡሎን የሚነክሰው። ደረቁ አፈር ደግሞ በጥርሱ መሀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በዚህ ላይ በቱቦ ጎትታችሁ ስታጠብቁት በቃ፣ ጥርሱ ይላጣል።

🔧 ሁለተኛው ጠላት፦ የተሳሳተ ቡሎን

እ.ኤ.አ. በ1841 ጆሴፍ ዊትወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የቡሎን ጥርስ ልክ አንድ ወጥ እንዲሆን ሐሳብ ከማቅረቡ በፊት ፋብሪካው ሁሉ የየራሱን ጥርስ ነበር የሚያወጣው። ዛሬ የእኛ ሞተሮች በሜትሪክ ልክ ይሠራሉ። "ኤም 8 በ1.25" ማለት የቡሎኑ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የመፍቻው ቁጥር ሌላ ነው፤ ኤም 8 ቡሎን በ12 ወይም በ13 ቁጥር መፍቻ ይፈታል፤ ኤም 6 ደግሞ ብዙ ጊዜ በ10።

ወጥመዱ ኤም 10 ላይ ነው። ብዙ ሞተሮች 1.25 ይጠቀማሉ፤ ለሌላ ሥራ በብዛት የሚሸጠው ግን 1.5 ነው። በዓይን አንድ ይመስላሉ። ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትጎትቱት ጥርሱን ለመብላት ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ቡሎን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርስ ለጥርስ ግጠሙ። ካልተጋጠሙ አትግዙ።

🔧 አጸዳዱ

1. ሞተሩን በማቆሚያው በደንብ አቁሙ፤ ጎማው ወይም አሞርዛተሩ ከመፈታቱ በፊት ሹካው እንዳይወድቅ ድጋፍ አድርጉለት።

2. ቡሎኑ እንቢ ካለ ደብሊውዲ 40 ወይም ትንሽ ናፍጣ አንጠባጥቡበትና ታገሱት። ሌሊቱን ቢያድር ይሻላል።

3. የቡሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ፣ ቀዳዳውን ባረጀ የጥርስ ብሩሽ አጽዱ። ጎሚስታ ቅርብ ከሆነ በኮምፕረሰር አስነፉት፤ ዓይናችሁን ግን ሸፍኑ። የቆሸሸውን ናፍጣ ወደ ሶር ወንዝ አትድፉት፤ ታች ያለው ሰው ይጠጣዋል።

4. አሁንም ከተያዘ ታፕ የሚባለው ጥርስ ማውጫ ይምጣ። ልኩ ትክክል ይሁን። ዘይት ቀቡት፤ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በእጅ ብቻ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፤ እንዲህ ሲሆን ፍርፋሪው ይሰበራል። ሲከብድ አታስገድዱት። ታፕ ጠንካራ ነው ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም።

5. ታፕ ከሌለስ? ልኩ አንድ የሆነ፣ ጥርሱ ደህና የሆነ አሮጌ ቡሎን ፈልጉ። በብረት መጋዝ ጥርሱን ከጫፉ ወደ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ሰንጥቁ፤ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። ይህ አዲስ ጥርስ አያወጣም፤ ቆሻሻውን ግን ይጠርጋል። ለጽዳት ብቻ ከሆነ እንዲያውም ብረት ስለማይቆርጥ ከታፕ የተሻለ ነው።

6. ፈተናው ይሄ ነው፦ ቡሎኑ ያለ መፍቻ፣ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት።

🔧 ጥርሱ ከነጭራሹ ካለቀስ?

ሄሊኮይል የሚባለው ከብረት ሽቦ የተጠቀለለ ጥርስ ከተገኘ ቡሎኑ በድሮው ልኩ ይቀጥላል። ሌላው መንገድ ቀዳዳውን አስፍቶ ወፍራም ቡሎን ማስገባት ነው፤ ይህ የሚሆነው ዙሪያው በቂ ብረት ካለው ብቻ ነው። ከኤም 8 ወደ ኤም 10 በ1.25 ለመሄድ ቀዳዳው 8.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበሳል። ይህን ለቶርኖ ቤት ስጡት። ዳዶ በይዶ መለጠፍ ርካሽ ቢመስልም ሙቀቱ ብረቱን ሊያጣምመውና ሊያዳክመው ይችላል፤ የተሸከመው ደግሞ የሰው ነፍስ ነው።

🔧 ስትገጥሙ

ሮንዴላውን አትርሱ። ረጅሙን ቡሎን ጥርስ የሌለው ወገቡ ላይ ስስ ግሪስ ቀቡት፤ ዝገት ይከለክላል። ጥርሱ ላይ ግን ግሪስ ሲበዛ ቡሎኑ ስለሚንሸራተት ሳታስቡት ከመጠን በላይ ታጠብቃላችሁ። ከዚያ በጥፍር ቀለም ከቡሎኑ ራስ እስከ ሹካው አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ አየት አድርጉት፤ ሰከንድ አይፈጅም።

ጋራዥ ከሰጣችሁትም አብራችሁ ቁሙ። ቱቦ ሲመጣ ካያችሁ "ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እናጽዳው" በሉ። ነውር የለውም፤ ነገ መንገድ ላይ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ።

ለሞተረኛ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም የሥራ ወቅት!