አራስነት፣ ጡት ማጥባትና የክብደት ጫና



በባህላችን አራስ በባዶ እጅ አትጠየቅም። ገንፎው፣ አጥሚቱና የአብሽ መጠጡ የሚቀርብላት በወሊድ ያጣችውን ደምና ጉልበት እንድትተካ ነው። ፊቷ ሞልቶ፣ ሰውነቷ ደልቦ የታየች እናትም «አራስ ቤት ተስማማት» ተብላ ትመሰገን ነበር። ዛሬ በከተሞቻችን ይኸው አነጋገር እንደ ወቀሳ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ የቀድሞ ቀሚሷ አልገባ ብሏት የምትጨነቅ እናት ጥቂት አይደለችም። በአንድ ቀን ከአማቷ «ብዪ እንጂ፣ ወተት እንዲኖርሽ» የሚል ምክር፣ ከጓደኛዋ ደግሞ «መቼ ነው የምትቀንሺው?» የሚል ጥያቄ ትሰማለች።

ሳይንሱ ምን ይላል? በእርግዝና ወራት የሚከማቸው ስብ በከፊል ለጡት ወተት የተዘጋጀ ስንቅ ነው። ሕፃኑን ጡት ብቻ የምታጠባ እናት ወተቱን ለማምረት በቀን እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ታወጣለች። ማህፀኗም ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ 6 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በወሩ ሆዷ አለመግባቱ የስንፍና ምልክት ሊሆን አይችልም።

«ጡት ማጥባት ያከሳል» የሚለው አባባልም ግማሽ እውነት ነው። ማጥባት የምግብ ፍላጎትን ስለሚጨምር አንዷ ቶሎ ስትከሳ ሌላዋ ባለችበት ትቆያለች። ቅጥነትን የጡት ማጥባት ዋጋ አድርገን ቃል ስንገባ፣ ያልከሳችውን እናት እንደ ተሸናፊ እንድትቆጠር እናደርጋታለን። ጡት የሚወድቀው በማጥባት ነው የሚለው ስጋትም በጥናት አልተደገፈም፤ ከቅርጹ ለውጥ ጋር ተያይዘው የተገኙት ዕድሜ፣ የእርግዝናዎች ብዛትና ሲጋራ ማጨስ ናቸው።

እናት ምግቧን አብዝታ ብትቀንስ የወተቱ መጠን ብዙውን ጊዜ ቶሎ አይጎድልም፤ ሰውነቷ ከራሱ እየቀነሰ ለሕፃኑ ይሰጣልና። በቅድሚያ የምትጎዳው እርሷ ናት። እንደ ቫይታሚን ኤ እና አዮዲን ያሉት ንጥረ ነገሮች ግን በምግቧ ላይ ስለሚመሠረቱ ጉድለቱ ለሕፃኑም ይተርፋል። ይህ ማለት ክብደት መቀነስ ፈጽሞ ክልክል ነው ማለት አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው አጥቢ እናቶች ከወለዱ ከ4 ሳምንት በኋላ በልከኛ አመጋገብና እንቅስቃሴ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ሲቀንሱ የሕፃናቱ እድገት እንዳልተጓደለ አሳይቷል። ጉዳቱ ያለው በጥድፊያውና በረሃቡ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመክራል። በሰውነቷ የምታፍር እናት በሰው ፊት ማጥባትን ልትሸሽ፣ ለመክሳትም ስትል ቀድማ ልታስጥል ትችላለች። ኀፍረቱ ከድብርት ጋር ሲዳበል ደግሞ ጉዳዩ ሕክምና የሚሻ ይሆናል።

ነገ በየጤና ጣቢያው የምትመደቡ ተማሪዎች ሆይ፣ አራሷን ሚዛን ላይ ከማውጣታችሁ በፊት እንዴት እንደምትበላ፣ እንደምትተኛና ማን እንደሚያግዛት ጠይቋት። እናቶቻችን አራስ ቤት ሲገቡ የሚያስቀድሙት ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ሰላምታው በሕይወት መትረፏን እንጂ መልኳን አይመለከትም፤ የሙያችንም የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚያ ቢነሣ መልካም ነው።