የጭብጨባው ባለቤት ማን ነው? የመድረክ አልበሞችና የስቱዲዮ እርማት

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2015 ምሽት በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ ከተማ የሚገኘው ሊቫይስ ስታዲየም በሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የዚሁ አካባቢ የሮክ ባንድ በሕይወት ያሉ አባላት የባንዱን 50ኛ ዓመት ለማክበር መድረክ ላይ ወጥተዋል። የዝግጅቱ የመጀመሪያ ክፍል ሊያበቃ ሲቃረብ ከስታዲየሙ በላይ ቀስተ ደመና ተዘረጋ፤ ሕዝቡም በደስታ ጮኸ። ወዲያው ግን ቀስተ ደመናው በ50 ሺህ ዶላር ወጪ ሰው የሠራው ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ስመ ጥሩው የሙዚቃ መጽሔት ቢልቦርድ ሳይቀር ወሬውን ዘገበው። ጥቂት ቆይቶ ቀስተ ደመናው የተፈጥሮ እንደነበረ ተረጋገጠ።

ብዙ ሰው ወሬውን ለማመን አለመቸገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። በትልልቅ መድረኮች ላይ ከሚታየውና ከሚሰማው ነገር የትኛው በዚያች ቅጽበት የተፈጠረ፣ የትኛው ደግሞ አስቀድሞ ወይም በኋላ የተሠራ እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ሆኗል። ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው «ከመድረክ በቀጥታ የተቀዳ» ተብለው በሚሸጡ አልበሞች ላይ ነው። ከእነዚህ አልበሞች ብዙዎቹ ከመድረኩ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ታርመዋል፤ የተሳሳተ የጊታር ምት ተተክቷል፣ የደከመ ድምፅ እንደገና ተዘፍኗል፣ አንዳንዴም ጭብጨባው ከሌላ ቦታ መጥቷል። ይህን ሁሉ የሚያስችለው ቴክኖሎጂ ታሪክ ደግሞ ከዚያው ከሳንታ ክላራና ከአካባቢዋ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው።

ከጦር ሜዳ የመጣው ማሽን

ጃክ ሙሊን ከሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቁ ባለሙያ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል ውስጥ እንግሊዝ አገር ሲያገለግሉ፣ በውድቅት ሌሊት ከጀርመን ሬዲዮ የሚተላለፍ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ያዳምጡ ነበር። በዘመኑ የተቀዳ ሙዚቃ ከሸክላ ስለሚጫወት የመርፌው መፋተግ ይሰማል። የጀርመኖቹ ሙዚቃ ግን ያ ድምፅ አልነበረውም። ሙዚቀኞች በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ይጫወታሉ ብሎ ማመን ደግሞ ያስቸግር ነበር።

ምስጢሩ የተፈታላቸው በ1945 ጀርመን ውስጥ ባድ ናውሃይም በተባለች ከተማ ማግኔቶፎን የተሰኘውን የቴፕ መቅጃ ባዩ ጊዜ ነው። ሙሊን ሁለት ማሽኖችንና 50 ጥቅል ቴፖችን ወደ አገራቸው ላኩ፤ በ1946 ደግሞ ማሽኑን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለመሐንዲሶች አሳዩ። ከዚያ በኋላ አምፔክስ የተባለው በሳን ካርሎስ የተቋቋመ ትንሽ ኩባንያ የራሱን ማሽን ሠርቶ በ1948 ለገበያ አቀረበ።

የቴፕ አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ በብረት ኦክሳይድ ብናኝ ይቀባል። ድምፅ በማይክሮፎን ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ኤሌክትሪኩ «ሄድ» በሚባለው የማሽኑ ክፍል በኩል ብናኙን በድምፁ ልክ ያመገንጠዋል። ሸክላ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ አይታረምም፤ ቴፕ ግን በምላጭ ተቆርጦ ከሌላ ቴፕ ጋር ሊቀጠል ይችላል። ታዋቂው ዘፋኝ ቢንግ ክሮዝቢ በ1947 ሙሊንን ቀጥረው የሬዲዮ ዝግጅታቸውን በቴፕ ማስቀዳት የጀመሩትም ለዚህ ነበር።

ሙሊን በኋላ እንደተረኩት፣ አንድ ቀን በዝግጅቱ ላይ የተገኘ ቀልደኛ ለሬዲዮ የማይሆን ቀልድ አውርቶ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። ቀልዱ ተቆርጦ ወጣ፤ ሳቁ ግን እንዲቀመጥ ተደረገ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብዙም የማያስቅ ዝግጅት ሲያጋጥም ያ የተጠራቀመ ሳቅ ገብቶበት ተላለፈ። አድማጩ የሰማው ሳቅ የእውነተኛ ሰዎች ሳቅ ነው፤ የሳቁት ግን በሌላ ቀን፣ በሌላ ቀልድ ነው።

ድምፅ በድምፅ ላይ

ቀጣዩ እርምጃ ባለሙያዎች «ኦቨርደብ» የሚሉት፣ ቀድሞ በተቀዳ ድምፅ ላይ ሌላ ድምፅ መደረብ ነው። ጊታሪስቱ ሌስ ፖል ዘዴውን በሸክላ ሲሞክሩት ቆይተው ነበር። በቴፕ ላይ አንድ እንቅፋት ገጠመ፦ የሚቀዳው ሄድና የሚያጫውተው ሄድ በማሽኑ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው። በመካከላቸው አራት ሴንቲ ሜትር ቢኖርና ቴፑ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ቢሄድ፣ ዘፋኙ የሚሰማው ሙዚቃ ከሚቀዳው ድምፁ ጋር በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይዛነፋል። ይህ ዝንፈት ከበሮውና ዘፈኑ እንዲተላለፉ ይበቃል። የአምፔክስ መሐንዲሶች መፍትሔውን ያገኙት የመቅጃው ሄድ ራሱ የቀድሞዎቹን ትራኮች እንዲያሰማ በማድረግ ነው። ሌስ ፖል በ1957 ስምንት ትራክ ያለውን ማሽን ተረከቡ።

በ1969 መጀመሪያ ግሬትፉል ዴድ በሳን ፍራንሲስኮ ፊልሞር ዌስትና አቫሎን አዳራሾች ያቀረባቸው ዝግጅቶች ባለ 16 ትራክ በሆነ የአምፔክስ ማሽን ተቀዱ። «ላይቭ ዴድ» የተባለው አልበምም ከእነዚህ ቅጂዎች ወጣ። የትራኮቹ መብዛት የድምፁን ጥራት ጨመረ፤ የኋላ እርማትንም አቀለለ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ትራክ ካለው አንዱን አጥፍቶ ሌላውን መተው ይቻላልና። ባንዱ በ1972 ጸደይ በአውሮፓ 22 ዝግጅቶችን አቅርቦ ሲመለስ ከመድረክ የመጡትን ብዙዎቹን የዘፈን ድምፆች በስቱዲዮ እንደገና ዘፍኖ «ዩሮፕ 72» የተባለውን አልበም አወጣ። አልበሙ እስከ ዛሬ የመድረክ አልበም ተብሎ ይወደዳል።

ይህ ዓይነቱ እርማት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በመድረክ ላይ የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ማይክሮፎን ሾልኮ ይገባል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከዘፋኙ አምስት ሜትር ርቆ የሚመታ ከበሮ በዘፋኙ ማይክሮፎን ውስጥ 15 ሺኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይሰማል። ጆሮ የአዳራሹን ስፋት የሚገምተው እንዲህ ካሉ መዘግየቶችና ከግድግዳ ከሚመለሱ ማስተጋባቶች ነው። ዘፋኙ ጸጥ ባለ ክፍል እንደገና ሲዘፍን እነዚህ ምልክቶች አብረው ይጠፋሉ። የተሰረዘው አሮጌ ድምፅ ደግሞ በከበሮው ማይክሮፎን ውስጥ እንደ ጥላ ይቀራል። የድምፅ ባለሙያው ሰው ሠራሽ ማስተጋባት ይጨምራል፣ ሕዝቡን የቀዳውን ማይክሮፎን ከፍ ያደርጋል፤ ስፌቱ በጭብጨባ ይሸፈናል።

የኤሊንግተን ሁለት ማይክሮፎኖች

ኢትዮጵያውያን ዱክ ኤሊንግተንን የሚያስታውሷቸው በ1973 ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት የተቀበሉ፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር የተገናኙ ታላቅ የጃዝ ሰው በመሆናቸው ነው። በመድረክ አልበሞች ታሪክም ስማቸው ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ከሆነ ጉዳይ ጋር ይነሳል።

ጁላይ 7 ቀን 1956 በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ የኤሊንግተን ኦርኬስትራ ሳክስፎን ተጫዋች ፖል ጎንሳልቬስ ያለማቋረጥ 27 ዙር ተጫወቱ፤ ታዳሚው ከመቀመጫው ተነሥቶ መጨፈር ጀመረ። ችግሩ፣ መድረኩ ላይ ሁለት ማይክሮፎኖች ነበሩ። አንዱ የቀጂው ኩባንያ የኮሎምቢያ፣ ሌላው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ጎንሳልቬስ የተጫወቱት በሬዲዮ ጣቢያው ማይክሮፎን ላይ ነበር። በአልበሙ ላይ ሳክስፎናቸው ከሩቅ የሚመጣ መሰለ። ኤሊንግተን ያልረኩበት ሌላ ሥራ ደግሞ ከፌስቲቫሉ በኋላ በስቱዲዮ እንደገና ተቀድቶ ጭብጨባ ተጨመረበት። የአልበሙ ገዢዎች ግን ሁሉንም ከኒውፖርት መድረክ የመጣ አድርገው ለአርባ ዓመታት ሰሙት።

በ1996 የአሜሪካ ድምፅ የቀዳው ቴፕ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። አዘጋጆቹ የኮሎምቢያን ቅጂ በአንድ ጆሮ፣ የሬዲዮውን በሌላው አድርገው አጣመሯቸው። በሁለት የተለያዩ ቦታዎች የቆሙ ማይክሮፎኖች የአንድን ቅጽበት ሁለት ገጽታ ስለያዙ የዚያ ምሽት ድምፅ ስቴሪዮ ሆኖ በ1999 ታተመ። ጎንሳልቬስም በቅርብ ተሰሙ። እውነቱ የተመለሰው አንድ ሰው ያልታረመውን ቴፕ ባለመጣሉ ነው።

ተቀበል!

ታዲያ እርማት ሁሉ ማታለል ነውን? ለዚህ ጥያቄ የአዝማሪ ቤት ልማድ ጥሩ መለኪያ ይሰጣል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ሳቁና ሽልማቱ የሚመጣው ለዚያች ስንኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ማሲንቆው አንድ ጊዜ ቢያፈነግጥ የሚቀየም የለም። የሰጪና የተቀባዩ ልውውጥ ከጠፋ ግን ጨዋታው የለም።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የተበላሸ የጊታር ምት መተካት ከቀላል ጥገና አይዘልም። ጭብጨባን ወዳልተጨበጨበበት ቦታ ማዛወር ግን ሌላ ነገር ነው። ጆኒ ካሽ በጃንዋሪ 1968 በካሊፎርኒያ ፎልሰም ወህኒ ቤት ያቀረቡት ዝግጅት አልበም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሰው ስለ መግደል የሚናገር አንድ ስንኝ ሲዘፈን እስረኞቹ በደስታ ሲጮኹ ይሰማል። ያ ጩኸት ግን በኋላ በስቱዲዮ የተጨመረ ነው። ዘፈኑም፣ ወህኒ ቤቱም፣ እስረኞቹም እውነተኛ ናቸው። ሆኖም አድማጩ እስረኞቹ በግድያ እንደተደሰቱ አድርጎ ያስባል፤ ይህ በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ የተሰጠ የሐሰት ምስክርነት ነው።

ቅኝትና ኮምፒውተር

ዛሬ ምላጩን ኮምፒውተር ተክቶታል። ከሳንታ ክላራ ብዙም በማትርቀው ሎስ ጋቶስ ይሠራ የነበረው አንታሬስ ኩባንያ በ1997 «ኦቶ ቲዩን» የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። የፈጠሩት አንዲ ሂልደብራንድ ቀደም ሲል ለነዳጅ ፍለጋ ከመሬት በታች የሚመለስን ሞገድ ይተነትኑ ነበር። ፕሮግራሙ የድምፅን ሞገድ ከራሱ የዘገየ ቅጂ ጋር እያነጻጸረ የዜማውን ከፍታ ያገኛል፤ ከዚያም ወደ ቅርቡ «ትክክለኛ» ኖታ ይስበዋል። ይህ በስቱዲዮ ብቻ ሳይሆን ዘፋኙ መድረክ ላይ እያለ በቅጽበት ሊደረግ ይችላል።

ትክክለኛ የሚባለው ግን የትኛው ነው? በተለመደው አሠራር መለኪያው አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍሎች የሚከፍለው የፒያኖ ሥርዓት ነው። ክራርና ማሲንቆ በጆሮ ይቃኛሉ፤ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ዘፋኙ በኖታዎች መካከል የሚያንሸራትተውና የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ የቅኝቱ መልክ አካል ነው። ፕሮግራሙን በራስ ቅኝት ማስተካከል ቢቻልም፣ ሳይታሰብበት የተተወ ማሽን ይህን ውበት እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያስተካክለው ይችላል። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የእርማት ጉዳይ ከሐቀኝነት አልፎ ቅርስን የመጠበቅ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ አካባቢ ለዚህ ሙዚቃ ባዕድ አይደለም። አስቴር አወቀ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲመጡ በመጀመሪያ የኖሩት በዚሁ አካባቢ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም በለንደን ያቀረቡት ዝግጅት በአልበም ታትሟል። በኦክላንድና በሳን ሆዜም የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ዘመን መለወጫንና ሌሎች በዓላትን በሙዚቃ ያከብራል። ከእንዲህ ዓይነት ምሽቶች የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ በስልክ የተቀረጸ ቁራጭ ቪዲዮ ነው።

ያልታረመውን ቅጂ ማስቀመጥ ግን ከቶውንም እንዳሁኑ ቀላል ሆኖ አያውቅም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርትዝ የተቀዳ የሁለት ሰዓት ዝግጅት በ16 ትራክ 17 ጊጋ ባይት ገደማ ነው፤ በኪስ የሚያዝ ፍላሽ ይበቃዋል። የሕዝቡን ድምፅ በተለየ ማይክሮፎን ቀድቶ፣ የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነኩ በሁለት ቦታ አስቀምጦ፣ እርማቱን በቅጂው ላይ መሥራት ይቻላል። በአልበሙ ሽፋን ላይም ምን እንደታረመ አንድ መስመር መጻፍ አያከብድም። ሙዚቀኛው ሥራውን የማሳመር መብቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አርባ ዓመት ቆይቶ የዚያን ምሽት ትክክለኛ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የሚከፍተው ነገር ያገኛል።