ከዘመድ የራቀ ጎጆ

በአዲስ አበባና በጅዳ መካከል የሰዓት ልዩነት የለም፤ በረራውም ከሦስት ሰዓት ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ የትዳር ሕይወታቸውን በሳዑዲ ዐረቢያ ለሚጀምሩ ወጣት ባልና ሚስት ርቀቱ የሚለካው በበረራ ሰዓት አይደለም። ርቀቱ የሚታወቀው ሚስት ስትወልድ እናቷ ከአጠገቧ ሳትኖር፣ ባል ሲያጠፋ የሚገሥጸው አጎት ሲታጣ፣ ሁለቱ ሲኳረፉም በራቸውን የሚያንኳኳ ሽማግሌ ሲጠፋ ነው።

በወሎም ሆነ በጅማ፣ በሐረርም ሆነ በስልጤ ትዳር የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኒካሑ በወሊይና በምስክሮች ፊት ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላም አማት፣ እኅት፣ ጎረቤት ሳይጠሩ ይመጣሉ። አንዳንዴ ያስቸግራሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጎጆውን ደግፈው የሚያቆሙት እነርሱ ናቸው። ባሕር ማዶ የተሻገሩ ባልና ሚስት ይህን ድጋፍ በአንድ ቀን ያጡታል። በምትኩ ምን ሊያቆሙ ይችላሉ?

ዝምታና ድካም

ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ባል ነው። መንገዱን፣ ሱቁንና የሥራ ባልደረቦቹን ያውቃል። ሚስት የምትመጣው በባሏ ሥር ባለ ኢቃማ ነው፤ የሥራ ፈቃድ እስካላገኘች ድረስ ተቀጥራ መሥራት አትችልም። እርሱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይወጣል፤ እርሷ እስከ መግሪብ ድረስ በአራት ግድግዳ መካከል ትውላለች። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ እግሯን ለማፍታታት እንኳ መውጣት ይከብዳታል።

ቋንቋውም የራሱ ፈተና አለው። በልጅነቷ ቁርኣን ያኸተመች፣ የፊቅህ ቃላትን የምታውቅ ሴት ዐረብኛ እንግዳ ይሆንብኛል ብላ አትጠብቅም። ከባለ ሱቁ ጋር ስትነጋገር ግን የመድረሳው ዐረብኛና የገበያው ዐረብኛ ምን ያህል እንደሚለያዩ ትረዳለች። በክሊኒክ ወረቀት ላይ «9» ተብሎ የተጻፈው ቀጠሮ በአገር ቤት አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት መሆኑን እስክትለምደው ድረስ ሰዓቱም ያደናግራታል።

ማታ ሁለቱ ሲገናኙ ፍላጎታቸው ይጋጫል። እርሱ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ውሎ ዝምታን ይሻል፤ እርሷ ቀኑን ሙሉ በዝምታ ውላ ሰው ትሻለች። ይህ የፍቅር ማነስ ሳይሆን የአዋዋል ልዩነት ነው። ይህን ካልተረዱት ግን እርሱ «ነዝናዛ» ይላታል፤ እርሷም «ተለውጧል» ትለዋለች። ከኢሻ በኋላ ስልክ ተቀምጦ፣ ቡና ተፈልቶ የሚያሳልፉት ግማሽ ሰዓት ብዙ ፀብ ያስቀራል።

ሪያሉና ሁለቱ ወገኖች

ገንዘብ ሁለተኛው ፈተና ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ በግል ድርጅት የሚሠራ የውጭ ዜጋ አብሮት ለሚኖር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የሚከፍለው ክፍያ በሐምሌ 2017 (እ.ኤ.አ.) በወር በ100 ሪያል ተጀምሮ በሐምሌ 2020 ወደ 400 ሪያል ደርሷል። ይህ ለአንዲት ሚስት ብቻ በዓመት 4,800 ሪያል ነው፤ ልጅ ሲወለድ ደግሞ ይጨምራል። የቤት ኪራዩ፣ የጤና ዋስትናውና የኢቃማ እድሳቱ ከዚህ ውጭ ናቸው።

አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ይህን ሒሳብ አያየውም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 29 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ አንድ ሪያል የሚመነዘርበት ብር ጨምሯል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን በሪያል ያው ነው። በመንደሩ የሚሰማው የብሩ ብዛት በመሆኑ ጥያቄውም በዚያው ልክ ይበዛል።

ከዚህ የከፋው ባል ለእናቱ በድብቅ ሲልክ፣ ሚስትም ለእኅቷ በድብቅ ስታስቀምጥ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ድብቅነቱ መተማመንን ይሸረሽራል። የሚያዋጣው በወር አንድ ቀን ተቀምጦ የሚላከውን መጠን አስቀድሞ መወሰን፣ የእርሱንና የእርሷን ወገን በእኩል ዓይን ማየት ነው። መህሯም ሆነ በራሷ ያገኘችው ገንዘብ በሸሪዓው የራሷ ንብረት መሆኑን ባል ሊዘነጋ አይገባም።

ፀቡ ሲሰማ፣ እርቁ ሲቀር

በአገር ቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰው ያያል፤ ሲታረቁም ያያል። በስልክ ግን የሚተላለፈው የፀቡ ግማሽ ብቻ ነው። ሚስት ተከፍታ ለእናቷ ትደውላለች፤ እናት ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች። ባልና ሚስቱ በማግስቱ ታርቀው ሲስቁ የእርቁን ወሬ የሚያደርስላት የለም። በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመት ሲያልፍ በቤቱ ውስጥ የሌለ ቂም በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ይቀመጣል።

ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ በባልና ሚስት መካከል መለያየት ሲፈራ ከእርሱ ወገን አንድ፣ ከእርሷም ወገን አንድ አስታራቂ እንዲላክ ያዛል። ወገን በሌለበት አገር ይህ ሥርዓት እንዳይቀር ባልና ሚስት ገና በሰላሙ ጊዜ ሁለቱም የሚያምኗቸውን፣ ምስጢር የሚጠብቁ ሰዎችን መምረጥ ይኖርባቸዋል። በአገሩ የቆዩ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ቢሆኑ ይመረጣል። ፀብ ከተነሣ በኋላ ዳኛ መፈለግ ወገንተኛ መፈለግ ይሆናልና።

ድብደባ ግን ከዚህ ይለያል። እሱን ችሎ ዝም ማለት ሶብር አይባልም። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከጥቃት የመጠበቂያ ሕግ አውጥታለች፤ የቤት ውስጥ ጥቃት የሚመለከተው ስልክ 1919 ነው። ቁጥሩን ሚስት በቃሏ ልትይዘው ይገባል።

አራስ ቤት

የእናት አለመኖር ከምንም በላይ የሚሰማው በወሊድ ጊዜ ነው። ገንፎውን የሚያገነፋ፣ ሕፃኑን የሚያጥብ፣ አራሷን «ተኚ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። እናትን በቤተሰብ ጉብኝት ቪዛ ማስመጣት የሚቻልበት መንገድ ስላለ አቅሙ ያላቸው አስቀድመው ቢጀምሩት ይበጃል። አቅሙ ለሌላቸው ጎረቤት እናት ይሆናል፤ ይህ ግን ጎረቤቱን ቀድሞ ላወቀ ብቻ ነው። በሰባተኛው ቀን አቂቃ ሲታረድ የሚጠራ ሰው እንዳይታጣ መተዋወቁ ከእርግዝናው በፊት መጀመር አለበት።

ወረቀቱም አይረሳ። ሕፃኑ በአገሩ ሕግ ከተመዘገበ በኋላ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በጅዳው ቆንስላ ጽሕፈት ቤትም መመዝገብ ይኖርበታል። የኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ በውጭ አገር የሚወለዱ ዜጎችንም ያካትታል።

ከሹዐይባ የተነሡት

ጅዳ በኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን የመካ ወደብ ከመሆኗ በፊት መርከቦች የሚነሡት ከደቡብ ከምትገኘው ከሹዐይባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓባዎች የተሳፈሩት ከዚያ ነው። ከእነርሱ መካከል ዑስማንና ባለቤታቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ ነበሩ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስም ተሰደው ሐበሻ ገቡ፤ ልጃቸውን ዐብዱላህንም እዚያው ወለዱ። የተመለሱት እ.ኤ.አ. በ628 ነው።

አስማእ መዲና ሲገቡ ዑመር (ረ.ዐ) «በስደት ቀደምናችሁ» በሚል መንፈስ ሲናገሯቸው አልተቀበሉም። እነርሱ ከነቢዩ ጋር ሆነው የተራበው ሲበላ፣ ያላወቀው ሲማር፣ እኛ ግን በሩቅ የባዕድ ምድር ነበርን ሲሉ ሞገቱ። ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባቀረቡ ጊዜም በመርከብ ለመጡት የሁለት ሂጅራ ዋጋ እንዳላቸው ተነገራቸው። ከዘመድ ርቆ ቤት ማቆም፣ ልጅ መውለድና ማሳደግ ከባድ ሥራ መሆኑ በዚያን ጊዜም ታውቆለታል።

እነዚያ ባልና ሚስቶች ግን ተነጥለው አልኖሩም፤ እንደ አንድ ማኅበር ተደጋግፈው ነው የኖሩት። የዛሬዎቹም የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው። ስለዚህ ጥሪው ለአዲስ ገቢዎች ብቻ ሳይሆን ቆይታችሁ ለለመዳችሁም ነው። በሕንፃችሁ ውስጥ አዲስ ባልና ሚስት ከገቡ እስኪመጡ አትጠብቁ። በመጀመሪያው ሳምንት በራቸውን አንኳኩ፤ ሚስቲቱን ክሊኒኩና ገበያው ያለበትን አሳዩአት፤ ስልካችሁንም ስጧቸው።