ቤት ያጣችው ቁጥር

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1974 የዳታቤዝ ባለሙያዎች አን አርበር በተባለችው የሚሺጋን ከተማ ሁለት ሊቃውንት ሲሟገቱ ሊሰሙ ተሰበሰቡ። ቻርልስ ባክማን መረጃ ከመዝገብ ወደ መዝገብ በመረብ ይያያዝ ባይ ነበሩ፤ የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ ደግሞ ሁሉም በሰንጠረዥ ይቀመጥ ባይ። ክርክሩ አለቀ፤ ሐሳቦቹ ግን አልታረቁም።

ጣጣው ለድርጅቶች ተረፈ። አንዱ ክፍል በመረብ፣ ሌላው በሰንጠረዥ ቢያስቀምጥ ማን ያግባባቸው?

ጥያቄው የገጠመው በታይዋን ተወልዶ በ1973 ከሀርቫርድ ዶክትሬቱን የያዘው ፒተር ቼን ነበር። ሀኒዌል ኩባንያ ሲቀጠር ዕድል ከራሳቸው ከባክማን ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ጣለው። ቡድኑ ለመጪው ትውልድ ኮምፒውተር አንድ ወጥ የመረጃ አነዳደፍ ይሻ ነበር።

ቼን ሁለቱንም መንገድ መረመረ። በመረቡ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ከመዝገብ ወደ መዝገብ የሚወስደውን መተላለፊያ ሁሉ ማወቅ ነበረበት። በሰንጠረዡ ደግሞ ሰውም ጋብቻም ያው ረድፍና ዓምድ ሆነው ቀሩ። ከዚያም አንዲት እልኸኛ ቁጥር ነበረች፦ ሠራተኛው ለአንድ ፕሮጀክት የሚያውለው የጊዜ መቶኛ። የሠራተኛው ነው እንዳይባል ፕሮጀክቱ ሲቀየር ይቀየራል፤ የፕሮጀክቱ ነው እንዳይባል ሠራተኛው ሲቀየር ይቀየራል። ታዲያ የማን ይሁን?

ቼን ጥያቄውን ገለበጠው። ማሽኑ መረጃውን እንዴት ያስቀምጥ ማለቱን ትቶ፣ በድርጅቱ ውስጥ ምን ምን ነገር አለ፣ በምንስ ይገናኛል ብሎ ተነሣ። ነገሮቹን በአራት ማዕዘን፣ ግንኙነታቸውን በሮምበስ ሣለ። ያቺ ቁጥርም የሠራተኛውም የፕሮጀክቱም ሳትሆን የግንኙነታቸው ሆና ተገኘች። ከዚያው ሥዕል ሰንጠረዡንም መረቡንም ማውጣት ተቻለ!

በወቅቱ ወደ ኤምአይቲ የተሻገረው ቼን ይህን ሐሳብ የያዘ ጽሑፉን በመጋቢት 1976 በአንድ መጽሔት አሳተመ። የጠበቀው ግን ምስጋና ብቻ አልነበረም። ኮድ ለመጽሔቱ አዘጋጅ የትችት ደብዳቤ ጻፉ። ቼን ደብዳቤውን የማየት ዕድል አላገኘም፤ እጅግ ረጅም መሆኑን ብቻ ከአዘጋጁ ሰማ።

ታዲያ ሐሳቡ አበቃለት? አላበቃለትም። ድርጅቶች የዳታቤዛቸው ብዛት ሲያስጨንቃቸው፣ የትኛው መረጃ ምን እንደሆነና ከምን እንደሚገናኝ የሚነግር የጋራ መዝገብ፣ ማለትም ሜታዳታ፣ አስፈለጋቸው። በ1988 አሜሪካ ለእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ያጸደቀችው መስፈርት በቼን ሞዴል ላይ ተመሠረተ። በ1989 ደግሞ ኮድ ለዓመታት የሠሩበት አይቢኤም የሜታዳታ ማከማቻውን ሲያስተዋውቅ፣ መሠረት ያደረገው ያንኑ የተተቸ ሐሳብ ነበር።