ክኖር ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት



ረመዳን ሲገባ ከግቢ ውጭ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ነን ካፌዎች ተሰባስበን ማፍጠር ልማዳችን ነው። አንዱ ተምር፣ ሌላው ሳምቡሳ ይዞ ይመጣል። ሾርባው ግን እዚያው ስቶቭ ላይ ይሠራል። ሥጋ ውድ ስለሆነ ጣዕሙን ብዙ ጊዜ የምናመጣው በአንዲት ትንሽ ኪዩብ ነው። የየትኛውም ፋብሪካ ብትሆን "ክኖር" ወይም "ማጊ" እንላታለን።

ባለፈው ረመዳን አንድ ወንድማችን ከውጭ አገር የመጣለትን የዶሮ ኪዩብ ሾርባው ውስጥ ጨመረ። መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንዱ "ይሄ ነገር ሐላል ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሽፋኑ ተጥሏል፤ መልስ ያለውም ሰው አልነበረም። ግማሾቻችን ጠጣን፣ ግማሾቻችን በተምርና በውሃ ብቻ አፈጠርን። ይህን ጽሑፍ ያመጣው ያ ምሽት ነው።

ኪዩቧ ውስጥ ምን አለ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ሥጋን ቀቅሎ፣ ውሃውን በማትነን ወፍራም የሥጋ ጭማቂ የሚገኝበትን መንገድ አስተዋወቀ። ይህ ግን ለድሃ የሚቀመስ አልነበረም። በ1908 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንዱ ዩሊየስ ማጊ ርካሹን ኪዩብ ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት ጃፓናዊው ኪኩናዬ ኢኬዳ የባሕር አረም ሾርባን የሚያጣፍጠው ግሉታሜት መሆኑን ለየ። ዛሬ ኪዩቧን "ሥጋ ሥጋ" የሚያሰኛት በዋናነት ይኸው ግሉታሜት ነው።

ሽፋኑ ላይ የሚጻፉት ነገሮች ብዙውን ጊዜ ከሚበዛው ወደሚያንሰው ይደረደራሉ። በአብዛኞቹ ኪዩቦች መጀመሪያ የሚመጣው ጨው ነው። ከዚያ ግሉታሜት (ኢ621)፣ ስታርች፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ የሽንኩርት ዱቄትና ቅመማ ቅመም ይከተላሉ። የዶሮው ወይም የበሬው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ ጭራሽ የለም።

ሐላልነቱን እንዴት እንለይ?

"ትንሽ ስለሆነ ችግር የለውም" ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሦስት ነገሮችን እንይ።

አንደኛ፣ ሥጋ ወይም የእንስሳ ስብ ካለበት ጥያቄው እርዱ ላይ ነው። "አሳማ የለበትም" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዶሮው ወይም በሬው በሸሪዓ ታርዷል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኢ631 የሚባለው ጣዕም ማጉያ ከሥጋ ወይም ከዓሣ ሊወጣ ይችላል፤ ከእፅዋት ስታርችም ይሠራል። ቁጥሩ ብቻውን ምንጩን አይነግረንም።

ሦስተኛ፣ የታወቀ የሐላል ማረጋገጫ ምልክት ካለው እነዚህን ሁለቱን ጥያቄዎች ሌላ አካል መርምሮልናል ማለት ነው። ከሌለው የአትክልት ኪዩብ መምረጥ ይቀላል፤ የእሱንም ዝርዝር ግን እናንብብ።

ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ የኢንዶኔዥያን ታሪክ ይመልከት። በ2001 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንድ ግሉታሜት አምራች ምርቱን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። ምክንያቱ ግሉታሜቱን የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ምግብ ሲዘጋጅ ከአሳማ የተገኘ ኢንዛይም ጥቅም ላይ መዋሉ ነበር። የአገሪቱ የዑለማ ምክር ቤት ሐራም ሲለው፣ ፕሬዝዳንቱ አብዱረህማን ዋሂድ ደግሞ ሐላል ነው አሉ። እንዲህ ባለው ጉዳይ ኺላፍ ስለሚኖር እኛ እርስ በርስ ከምንፈርድ የምናምነውን ኡስታዝ እንጠይቅ።

በኑዕማን ኢብኑ በሺር ሐዲስ ሹብሃን መጠንቀቅ ዲንንና ክብርን እንደሚጠብቅ ተምረናል። በሌላ በኩል ሙስሊም ያቀረበልንን ማዕድ ሁሉ ያለ ምክንያት መጠርጠር ወስዋስ ነው። መሃሉ መንገድ ቀላል ነው፦ የሚያበስለው ሰው ከመጨመሩ በፊት ያንብብ፣ ሽፋኑንም እስከ ኢፍጣር አይጣለው።

ጨውስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። 10 ግራም የምትመዝን ኪዩብ ግማሿ ጨው ቢሆን እንኳ ብቻዋን 5 ግራም አላት። ለአራት ሰው ሾርባ ሁለት ከጨመርን፣ ሌላ ጨው ሳይገባ ለእያንዳንዳችን የቀኑ ግማሽ ደርሷል ማለት ነው። በተለይ ሱሑር ላይ እንዲህ ከበላን ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲጠማን እንውላለን።

ስለዚህ፦

ሽንኩርቱን በትዕግሥት እናቁላላ፤ ቲማቲም እንጨምርበት። ቲማቲም በተፈጥሮው ግሉታሜት አለው።

በግማሽ ኪዩብ እንጀምር። በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙተን ውሃው ከገባ በኋላ እንጨምራት።

ጨው መጨረሻ ላይ፣ ካስፈለገ ብቻ ይግባ። በርበሬና ሽሮ ብዙ ጊዜ ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ለወጥ ሲሆን የበለጠ እንቀንስ።

ከበዛ ውሃና አጃ ወይም ድንች እንጨምርበት።

ጾመኛ አብሳይ "መቅመስ አልችልም" ብሎ በግምት ጨው ያበዛል። ዑለማዎች ግን ሲያስፈልግ በምላስ ጫፍ ቀምሶ፣ ሳይውጡ መትፋት ጾምን እንደማያፈርስ ገልጸዋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን መረቅ ሲሠራ ውሃውን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ እንደመከሩት ሙስሊም ዘግበውታል። ኪዩቧም በልክ ከገባች ትንሿን ድስት ለብዙ ሰው ታዳርሳለች። የሚቀጥለው ኢፍጣራችን ላይ ማንም በጥርጣሬ ሳህኑን የማይገፋበት ሾርባ እንዲሆን አላህ ይወፍቀን።

ወላሁ አዕለም።